የጭኔ እሳትና የእድራችን ጡሩምባ

በየካ ሚካኤል ሠፈር ሰው ሲሞት መጀመሪያ የሚያውቀው ቤተሰቡ ነው፤ ቀጥሎ እኔ። የእድራችን ጡሩምባ ነፊ ነኝ። ማንም አላስተማረኝም። የትኛው ቅያስ ድምፅ እንደሚያስተጋባ፣ የትኛው ግቢ ውሻ እንደሚፈታ ራሴ አጥንቼ ነው የደረስኩበት። ማንበብንም፣ ሬዲዮ መጠገንንም የተማርኩት እንዲሁ ነው። ትንፋሼ እንዳይባክን ሆዴን በቀበቶ ጥብቅ አድርጌ አስራለሁ፤ ይህም የራሴ ግኝት ነው። ጎህ ሲቀድ ከአስፋልቱ ጀምሬ ወደ እንጦጦ በሚያወጣው ዳገት እስከ መጨረሻው ቤት ድረስ እየነፋሁ ስወጣ፣ ተኝቶ የሚቀር ሰው ቢኖር ሟቹ ብቻ ነው።

ባለፈው ክረምት ግን ቀኝ ጭኔ ይነድ ጀመር። በውጪው በኩል፣ ከዳሌዬ በታች እስከ ጉልበቴ አቅራቢያ፣ በርበሬ የተቀባ ይመስል ያቃጥለኛል። ስቀመጥ ይተወኛል፤ ቆሜ ስሄድ ይነሳብኛል። ዳገቱን ሳላጋምስ ድንጋይ ላይ መቀመጥ አመጣሁ። አንድ ቀን እንደተቀመጥኩ ብነፋ የላይኞቹ ቤቶች ሳይሰሙ ቀሩ። ድንኳኑ በጥቂት ሰው ተተከለ፤ የላይኞቹም አስከሬኑ ሊወጣ ሲል እየሮጡ ደረሱ።

የእድሩ ጸሐፊ ይህን ቀን ሲጠብቅ ኖሯል። ጎረቤቴና እኩያዬ ነው፤ ሴት ልጁ ዘመናዊ ስልክ ከገዛችለት ወዲህ መሬት አልበቃው ብሏል። ከእንግዲህ መርዶ በቴሌግራም ይላክ ብሎ ሐሳብ አቀረበ። በሰው ፊትም፣ "አንተ በቃ እረፍ። ጡሩምባውን ግድግዳ ላይ እንሰቅልልሃለን" አለኝ። ጉዳዩ ለሚቀጥለው ወር ስብሰባ ተቀጠረ። እስከዚያ ዳገቱን መውጣት ካልቻልኩ ጡሩምባው ከእጄ ይወጣል።

እኔ ደግሞ እጄን አጣጥፌ የምቀመጥ ሰው አይደለሁም። ይህ የነርቭ ሕመም ነው፤ ነርቭ ማለት ሽቦ ነው፤ ሽቦው የሚነሳው ከአከርካሪ ነው፤ ስለዚህ ብልሽቱ ወገቤ ላይ ነው አልኩ። ጋራዥ ካለው ወዳጄ የአሮጌ ሚኒባስ የወንበር ቀበቶ ለመንኩና ከነመቆለፊያው የወገብ መደገፊያ ሠራሁበት። ዳሌዬ ላይ ስቆልፈው ቀጭ ይላል። ጭኔ በባሰበት ቁጥር አጠብቀዋለሁ። ባለቤቴ፣ ራስህን እንደ ጭነት አሰርከው ብላ ብትስቅም የሥራውን ጥራት አልካደችም። መሪ ሠፈር የሚኖር ዘመዴማ አይቶ ለእኔም ሥራልኝ ብሎኝ ነበር።

በመጨረሻ ባለቤቴ ጎትታ ኮተቤ መንገድ ላይ ወዳለ ክሊኒክ ወሰደችኝ። ሐኪሟ የልጅ ልጄ ብትሆን የማይገርም ወጣት ናት። ሽቦውንም አከርካሪውንም አብራራሁላት፤ በትዕግሥት ሰማችኝ። ከዚያ አልጋው ላይ ወጥቼ ልብሴን እንዳላላ ጠየቀችኝና ቀበቶዬን ስታይ ቆም አለች።

"አባባ፣ ይሄን ማን ነው ያዘዘልዎት?"

"እኔ።"

"እንግዲህ በሽታውንም ያዘዙት እርስዎ ነዎት።"

ጣቷን ከዳሌ አጥንቴ ጫፍ ወደ ውስጥ ጠጋ አድርጋ ስትጫን እሳቱ ጭኔን ላሰው። ባለቤቴ ፊቴን አይታ፣ "አገኘሽው" አለቻት። እዚያ ቦታ ወደ ጭን ቆዳ የሚወርድ ቀጭን ነርቭ አለ አሉ፤ የእኔ ቀበቶ የሚያርፈው ልክ እሱ ላይ ነው። የድሮው ቀበቶ አንቆት ኖሯል፤ አዲሱ ደግሞ ጨረሰው። አንድ ነገር ግን ልብ በሉልኝ፤ ነርቭ ነው ያልኩት እኔ ነኝ። የተሳሳትኩት አድራሻውን ብቻ ነው።

ቀበቶውን ትቼ ብጠብቅ ቀስ በቀስ ሊሻለኝ እንደሚችል ነገረችኝ። የስብሰባውን ነገር ሳስረዳት ግን መርፌ ልትወጋኝ ተስማማች። ቢላ የለም፣ መተኛት የለም። በአልትራሳውንድ ነርቩን ስክሪን ላይ እያየች፣ አጠገቡ ማደንዘዣና የሚያቃጥለውን የሚያበርድ መድኃኒት ትወጋለች። ስክሪኑን አንገቴን ቀና አድርጌ አየሁ፤ ነርቩ ከማሽላ ፍሬ አይበልጥም። መርፌው በየት በኩል ቢገባ እንደሚሻል ምክር ስጀምር፣ ስናገር ሆዴ ስለሚንቀሳቀስ ዝም እንድል ለመነችኝ። ዝም አልኩ። ባለቤቴ ይህ መድኃኒት ለቤትም ይሰጥ እንደሆነ ጠየቀቻት።

ብዙም ሳይቆይ እሳቱ ጠፋ፤ የጭኔ ቆዳ የሌላ ሰው መሰለኝ። ነርቩ ስሜት ብቻ ስለሚያመላልስ ጉልበቴ አልደከመም። ማደንዘዣው ሲለቅ ሕመሙ ሊመለስ፣ ሁለተኛው መድኃኒት ቀስ ብሎ ሊሠራ እንደሚችል አስጠንቅቃኝ ነበር፤ እንዳለችውም ሆነ። በማግስቱ ተመልሶ አንገበገበኝ፤ ሁለቱንም ቀበቶዎች ጥያለሁና ከዚያ በኋላ ግን በየቀኑ እየቀዘቀዘ ሄደ።

የስብሰባው ዕለት ተሽሎኛል ብዬ ስናገር ጸሐፊው፣ "ስልክ ግን አይታመምም" ብሎ ሰውን አሳቀብኝ። እንግዲያው ውሳኔው የመጨረሻው ቤት በር ላይ ይሁን አልኩ። የእድሩ ሽማግሌዎችም ነገሩ ጣማቸውና ተያይዘን ዳገቱን ጀመርን። ጭኔ ትንሽ ሞቅ አለኝ እንጂ አልነደደም። ቀድሜ ስደርስ ማንም አልነበረም፤ ጡሩምባዬን አነሳሁና ሳንባዬ ባዶ እስኪሆን ነፋሁት።

ሰው ሳይሞት ጡሩምባ አይነፋም። ይህን እኔም አውቃለሁ። ቤቱ ሁሉ ተከፈተ። የመጨረሻው ቤት እመቤት ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ወጡና፣ "ማነው ያረፈው?" አሉኝ።

"እስካሁን ማንም የለም እማማ። ጸሐፊያችን ገና እየወጣ ነው፤ እሱን እንጠብቅ።"

ሽማግሌዎቹ ሲደርሱ የሠፈሩ ሰው መንገዱን ሞልቶት ነበር። የእድሩ ዳኛ ክፉኛ ተቆጡኝ፤ ለሚቀጥለው ለቅሶ ድንኳኑን እኔ እንድተክል ፈረዱብኝ። ቁጣቸው ሲበርድ ግን የተሰበሰበውን ሕዝብ አየት አድርገው ጡሩምባው ባለበት ይቆይ አሉ። ያኔ ነው ጸሐፊው እያለከለከ፣ ማን ሞተ እያለ ብቅ ያለው። ቃለ ጉባኤ መጻፍ የእሱ ሥራ ነውና ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ውሳኔውን ጻፈ። ፊደሉን እኔ አረምኩለት።