ለበረሮ የመጣ አጥሚት

በረሮ ቆሻሻ ነው ይባላል። አይደለም። ቆሻሻው የእኛ ነው፤ እሱ የሚመጣው ሊበላልን ነው። በወጣትነቴ አንዲት በረሮ አሳድጌያለሁና የምናገረውን አውቃለሁ።

ባለፈው ማክሰኞ ወደ ቬስትሊ በሚሄደው ቲባነ፣ በምድር ባቡሩ ውስጥ የወዳጆቼ ልጅ ሊያ አጠገቤ ተቀመጠች። እዚሁ ኦስሎ ተወልዳ እዚሁ የምትማር ልጅ ናት። «ጋሼ፣ በረሮ ታሳድግ ነበር የሚባለው እውነት ነው?» አለችኝ። «ጃ» አልኳት በኖርዌይኛ፤ አዎ ማለቴ ነው። ሳቀች። ከዚያ ወደ ነገረችኝ ሌላ ነገር ኋላ እመለሳለሁ።

ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። ማስተርሴን እየተማርኩ ሊንደሩድ ሰፈር አንድ ምድር ቤት ተከራይቼ እኖራለሁ። መስኮቱ ከመሬት እኩል ስለነበር ክረምቱን ሙሉ የማየው በረዶና የአላፊ አግዳሚ ቦት ጫማ ነው። አንድ የክፍሌ ልጅ ወደ ሌላ አገር ሲዛወር በረሮዋን ከነመስታወት ሳጥኗ ተወልኝ። ዘሯ ከአውስትራሊያ ነው። መዳፍ ትሞላለች፤ ክንፍ የላትም፣ አትሸትም። አፈር ውስጥ ጉድጓድ ቆፍራ ትኖራለች፤ ሲመሻሽ ወጥታ የደረቀ የባሕር ዛፍ ቅጠል ትጎትታለች። ልጁ ቅጠሉንም አንድ ማዳበሪያ ሙሉ ትቶልኝ ነበር። አፉን በፈታሁት ቁጥር ክፍሉ በልጅነቴ ወደ ትምህርት ቤት የምሄድበትን መንገድ ይሸታል። ቅጠሉን ስታኝክ ይሰማል። በዚያ ቤት ከእኔ ሌላ የሚሰማ የሕይወት ድምፅ እሱ ብቻ ነበር።

በየካቲት ከጉድጓዷ መውጣት ተወች። አንድ ሳምንት፣ ሁለት፣ ሦስት። ፈራሁ። እሁድ እሁድ አበሾች የሚሰበሰቡበት መሄዴንም ተውኩ። እትዬ ብርሃኔ ደወሉ። ሆስፒታል የሚሠሩ አዋላጅ ነርስ ናቸው፤ በከተማው ያለውን አበሻ ሁሉ በስም ያውቃሉ።

«የት ጠፋህ አንተ ልጅ?»

«ቤት የታመመች አለች፤ እሷን እያየሁ ነው።»

ማን እንደሆነች አልጠየቁም። የሴት ነገር መስሏቸው ይሉኝታ ይዟቸው ይሆናል።

ቅዳሜ ከቀትር በኋላ በሬ ተንኳኳ። እትዬ ብርሃኔ አጥሚት በቴርሞስ ይዘው፣ አውቶቡስ የሚነዱትን ጋሽ ደምሴን አስከትለው ቆመዋል። ጫማቸውን አውልቀው ገቡ።

«ባሕር ዛፍ» አሉ እትዬ ብርሃኔ፣ አየሩን እየሳቡ። «እያጠንካት ነው? ጥሩ አድርገሃል። የታለች?»

ክፍሉ ውስጥ ያለው አንድ አልጋ ነው፤ እሱም ባዶ። ሆስፒታል ገብታለች ልል አሰብኩ፤ ነገም ይመጡልኛል። ግን ሆስፒታሉ የሚሠሩበት ነው፤ ውሸቴ ወዲያው ይታወቃል። ወደ ሳጥኑ አመለከትኩ።

ጋሽ ደምሴ ጎንበስ ብለው አዩ። «አፈር ነው።»

«ከሥሩ አለች። በረሮ ናት።»

«ሰው ለበረሮ መርዝ ይገዛል፤ አንተ ቀለብ ትሰፍርላታለህ» አሉና ያወለቁትን ጫማ መልሰው አጠለቁ። ከዚያ በኋላ ከበሩ አልራቁም።

እትዬ ብርሃኔ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። «ለምን ዋሸኸኝ?»

«ብቻዬን ነኝ ብልዎት ይመጡ ነበር?»

አጥሚቱን በቴርሞሱ ክዳን ቀድተው አቀበሉኝ። ትኩስ ነበር፤ ቅቤው ከንፈሬ ላይ ቀረ። እስክጨርስ ሳጥኑን ሲያዩ ቆዩና ድንገት «ወንድ አብሯት ነበር?» አሉ።

«የሰጠኝ ልጅ ቤት እያለች፣ ጃ።»

«እንግዲያው አልታመመችም። አራስ ናት። አትነካካት።»

ጋሽ ደምሴ በሩ ላይ ሆነው «የእግዜር ያለህ» ሲሉ ሰማሁ።

በረዶው መቅለጥ ሲጀምር አንድ አመሻሽ ወጣች። ከኋላዋ ጥፍር የሚያህሉ፣ ፈዘዝ ያሉ ልጆች ተከትለዋታል። ወዲያው ደወልኩ። እትዬ ብርሃኔ «እንኳን ማርያም ማረችሽ በልልኝ» ብለው እስኪያስላቸው ሳቁ። መቼ ይመጣሉ ልላቸው ነበር፤ አላልኩም። የታመመ የለም፣ የሞተ የለም። አልመጡም።

አበሻ ሰውን ብቻውን አይተውም ይባላል። ይተዋል። ለታመመ አጥሚት አለን፣ ለሐዘንተኛ ንፍሮ፣ ለአራስ ገንፎ። ምንም ላልሆነ ሰው የምንሠራው ምግብ የለንም። ይህን ለብዙ ዓመታት እንደ ክስ ይዤው ዞሬያለሁ፤ ከሳሹ እኔ ነበርኩ።

ማክሰኞ ዕለት ሊያ ሳቋን ስትጨርስ «የነገረችኝ እትዬ ብርሃኔ ናት» አለች። «ጡረታ ወጥታለች። ሃውገንስቱዋ ሰፈር ብቻዋን ነው የምትኖረው።»

«አሟቸዋል እንዴ?»

«ናይ፣ አላመማትም፤ ደህና ናት።»

እፎይ አልኩ። እንግዲያው መሄድ የለብኝም ማለት ነው። ይህን ማሰቤን ያወቅኩት ሊያ ከወረደች በኋላ ነው፤ በረሮዋ ከሞተች ስንት ዓመቷ፣ የእሳቸውን ደጅ አንድ ቀን እንኳ አልረገጥኩም።

ቅዳሜ እሄዳለሁ፣ ባዶ እጄን። እናንተም ይህን ጽሑፍ አስቀምጡትና ምንም ያልሆነ አንድ ሰው ቤት ሄዳችሁ አንኳኩ። ተነሱ።