ሩብ ክኒን በቂቤ

ኅዳር መጨረሻ ላይ፣ ማክሰኞ ከቀኑ ስምንት ሰዓት፣ ቡታጅራ ገበያ ዳር ካለ የእህል መጋዘን አንዲት አሮጊት ድመት ወስጄ ቤቴ አስገባሁ። ዕድሜዋ በባለቤቷ ግምት ከአሥር ዓመት በላይ ነበር። የሚጥል በሽታ ነበረባት።

ወደ መጋዘኑ የሄድኩት ስለ ጤፍ ዋጋ ልጠይቅ ነው። ያኔ ለሬዲዮ የምሠራ የአካባቢው ዘጋቢ ነበርኩ፤ ከሰሜን መጥቼ ቡታጅራ ከከረምኩ ዓመታት አልፈዋል። ነጋዴው ሽማግሌ ንግዳቸውን ዘግተው አዲስ አበባ ልጆቻቸው ዘንድ ሊገቡ ዕቃ ይሰበስቡ ነበር። ዋጋውን እየነገሩኝ ሳለ፣ ከጆንያው ላይ ተኝታ የነበረች ግራጫ ድመት ተንከባላ ወደቀች። እግሮቿ ተገትረው ተንቀጠቀጡ፤ አፏ አረፋ ደፈቀ። ሽማግሌው ሳይደናገጡ ከኪሳቸው ክብሪት አወጡ፤ ጫሩ፤ አጥፍተው ጭሱን አፍንጫዋ ሥር ያዙላት።

«ጋሼ፣ ይሄ ለድመትም ይሠራል?» አልኳቸው።

«ለሰው የሠራ ለሷ ምን ያንሳታል?»

የግራ ጢሟ ለምን ተቃጥሎ እንዳጠረ ገባኝ።

ድመቷ ስትረጋጋ፣ እሳቸው ሲሄዱ ማን እንደሚይዛት ጠየቅኩ። «አዲሱ ተከራይ ሲሚንቶ ነው የሚያስቀምጥበት። ሲሚንቶ አይጥ አይበላውም» አሉኝ። «በጆንያ ከትቶ መስቃን ገጠር ወስዶ እንዲጥላት ለባለ ጋሪው ነግሬዋለሁ።» ትንሽ አየት አደረጉኝና ቀጠሉ፦ «አንተ ሚስት የለህ፣ ልጅ የለህ። ውሰዳት እንጂ! ዜናህን ታነብላታለህ።»

ወሰድኳት።

አከራዬ የልብስ ስፌት ቤት ያላቸው የጉራጌ ሴት ናቸው፤ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ጸሎታቸውን የማያጓድሉ ጴንጤ። እትዬ እላቸዋለሁ። ድመቷን እጄ ላይ ሲያዩ «አሮጊት ለአሮጊት አመጣህልኝ?» ብለው ሳቁ። በሳምንቱ ግቢው መሀል ስትወድቅ ግን ሳቁ ቀረ። «በኢየሱስ ስም!» አሉና የልጅ ልጆቻቸውን እየጎተቱ ቤት አስገቡ። በሩን ገርበብ አድርገው ከውስጥ ጮኹብኝ። «አረፋው ይጋባል! እንዳትነካት!»

የእንስሳት ሐኪሙን የጠራሁት እሳቸውን ለማሳመን ጭምር ነው። ሐኪሙ የመስቃን ሰው ነው፤ ሥራው በአብዛኛው ከበሬና ከላም ጋር ስለሆነ ለድመት ብሎ ሞተር ሳይክሉን ማስነሣቱ ራሱን አስቆታል። «አሰላሙ አለይኩም! በሽተኛዋ የታለች?» እያለ ገባ። መረመራት፤ ሚዛን ላይ አወጣት፤ እንደማይጋባም ለእትዬ ደጋግሞ ነገራቸው። ያዘዘላት የሰው ክኒን ነው፤ አራት ቦታ ተከፍሎ ሩቡ፣ ጠዋትና ማታ።

«አንድ ነገር ልንገርህ» አለኝ። «በትክክል እየተሰጣት መልሶ መላልሶ ከጣላት መድኃኒቱ አልያዛትም ማለት ነው። ሌላ የለኝም። ያኔ በመርፌ እናሳርፋታለን። በዚህ ዕድሜዋ እየተንፈራገጠች መኖሯ ግፍ ነው።»

«እኔም የምለው እሱን ነው» አሉ እትዬ። «ሕፃናት ያሉበት ግቢ ነው።»

ተስማማሁ።

መድኃኒቱ ያዛት። ገናና ጥምቀት አለፉ፤ አልወደቀችም። ጥርሷ አልቆ ስለነበር ሥጋዋን አድቅቄ ለብ አድርጌ ነበር የምሰጣት። እትዬ በመስኮት እያዩኝ «ለጉራጌ እንግዳ እንኳ ክትፎ በዓመት አንዴ ነው፤ የሷ በየቀኑ ሆነ!» ይሉ ነበር። ክኒኑን በሌላ ነገር ብሰጣት አትቀበልም፤ ትተፋዋለች። በለጋ ቂቤ ጠቅልዬ ምላሷ ላይ ሳደርገው ግን ሳትነቃበት ትውጠዋለች። ሁዳዴ ሲገባ የኔ ምግብ ተለወጠ እንጂ የሷ አልተለወጠም። ቂቤዋን በክዳን ዕቃ መስኮቱ ላይ ለብቻው አኖርኩት፤ ሥጋዋን ከሙስሊም ሥጋ ቤት እገዛለሁ።

በጾሙ አጋማሽ የዞኑን ምክር ቤት ስብሰባ እንድዘግብ ወደ ወልቂጤ ተላክሁ። እትዬን ለመንኳቸው። ክኒኖቹን ከፋፍዬ ሰጠኋቸው፤ ቂቤው ያለበትን አሳየኋቸው፤ በቂቤ እንደሚጠቀለልም ነገርኳቸው። «ሂድ፣ አታስብ» አሉኝ።

ስብሰባው ሳያልቅ ያረፍኩበት ሆቴል ስልክ ተደወለልኝ። እትዬ ነበሩ።

«ጋዜጠኛው፣ ጣላት። ትናንት ሁለቴ፤ ዛሬ ጠዋትም ደገማት። ዶክተሩን አስጠርቻለሁ፤ ነገ ይመጣል። ቶሎ ናና ተሰናበታት።»

የቀረውን ስብሰባ ለባልደረባዬ ትቼ በማግሥቱ ማልጄ ተነሣሁ። በአዲስ አበባ በኩል ስለዞርኩ መንገዱ ረዘመ፤ ጥያ ላይ ደግሞ ጎማ ፈነዳብን። ሌሎቹ ተሳፋሪዎች ሻይ ሲጠጡ እኔ አንድ ጥያቄ ብቻ አመላልስ ነበር፦ ከታኅሣሥ ጀምሮ የያዘ መድኃኒት እኔ በሄድኩ ሳምንት ለምን ተወ?

ስደርስ የሐኪሙ ሞተር ሳይክል በር ላይ ቆሟል። እሱ ከግቢው በርጩማ ላይ ተቀምጧል፤ ቦርሳው ከእግሩ ሥር ነው። ድመቷ የኔ በር ላይ ተጋድማ ነበር፤ ዓይኗ ክፍት ነው።

«አንተን ነው የጠበቅኩት» አለኝ።

ቦርሳዬን ሳላወርድ ወደ እትዬ ዞርኩ። «ክኒኑን ሰጥተዋት ነበር?»

«አንድም ጊዜ አላለፍኩም። ጠዋት ከጸሎት በፊት፣ ማታ ከራት በኋላ።»

«በምን?»

ነጠላቸውን አስተካከሉ። «በሽሮ።»

«ቂቤውስ?»

«ኧረ ተወኝ! በሁዳዴ የጾመኛ ቤት ገብቼ፣ በጾመኛ ማንኪያ ቂቤ ላላቁጥ? ተከራዮቹ ምን ይሉኛል? ጴንጤዋ መንገድ መሄዱን ጠብቃ ዕቃውን አስገደፈችው አይሉም? ሥጋም አላስገባሁም። ቂቤህ ክዳኑ ሳይነሣ እዚያው አለልህ።»

«እኔ እኮ ነኝ በቂቤ ያልኩዎት።»

«እኔ እንዳልቸገር ብለህ መሰለኝ። አክብረኸኝ ነው ብዬ እኔም አከበርኩህ!»

ሐኪሙ ከበርጩማው ተነሣ። «ወላሂ፣ ሁዳዴ ለድመት መታወጁን ዛሬ ገና ሰማሁ።»

«ግን በልታዋለች» አሉ እትዬ። «ሳህኑን አጽድታ ነው የምትነሣው።»

ስትተፋ አልጋ ሥር እንደምትገባ ስለማውቅ፣ ገብተን አልጋዬን ከግድግዳው ሳብን። ጥግ ላይ ሽሮ የደረቀባቸው የክኒን ሩቦች ተበታትነዋል። ሐኪሙ አንዱን አንሥቶ በጥፍሩ ፋቀና ለእትዬ አሳያቸው። «መድኃኒቱ አልተሸነፈም፤ አልተዋጠም እንጂ። ለካ ይሉኝታ ድመት ይገድላል!»

እትዬ ወደ ቤታቸው ገቡና የራሳቸውን ቂቤ በራሳቸው ማንኪያ ይዘው ወጡ። አረፋው ይጋባል ይሉ የነበሩት ሴት መሬት ላይ ቁጢጥ ብለው ክኒኑን በቂቤ ጠቀለሉና በአውራ ጣታቸው የድመቷን መንጋጋ ከፈቱ። ምላሷን ሁለት ሦስት ጊዜ አወጣች፤ የእትዬን ጣት ላሰች።

«ዋጠች?» አልኩ።

«ዋጠች። አፏ ባዶ ነው፤ ና እየው።»

አየሁ፤ ባዶ ነበር። ቦርሳዬን ከትከሻዬ አውርጄ ደፉ ላይ ተቀመጥኩ። እትዬም ከጎኔ ተቀመጡ። «ጌታ ይባረክ» አሉ ቀስ ብለው፤ ከዚያ ከት ብለው ሳቁ፤ እኔንም አሳቁኝ። ሐኪሙ መድኃኒቱ በደሟ እስኪመለስ ጊዜ እንስጣት ብሎ የያዘውን መርፌ ሳያወጣ ሄደ።

በዚያው ሌሊት አንድ ጊዜ ጣላት፤ በማግሥቱም እንዲሁ። ከዚያ ቆመ። እትዬ እስከ ፋሲካ ድረስ ጠዋትና ማታ እኔን አላስነኩም፤ ክኒኑን የሚሰጧት በራሳቸው ደጃፍ፣ ተከራዮቹ እያዩ ነበር።

ሰኔ ውስጥ አንዴ ጣላት። አጭር ነበር። ተነሥታ ውኃ ጠጣች።