በእናቴ ስም ውስጥ ያለው ግንበኛ

እናቴ አባቷን አታውቀውም። የምታውቀው አያቴ የነገረቻትን ያህል ነው፦ ጣሊያናዊ ነበር፤ ግንበኛ ነበር፤ አባቱም ግንበኛ ነበር፤ ከደቡብ ጣሊያን፣ ከአንዲት ትንሽ የባሕር ዳር ከተማ ተነሥቶ አሥመራ መጣ፤ እናቴ በደንብ መራመድ ሳትጀምር ጦርነቱ ወሰደው። የከተማዋን ስም አያቴ እንደ ዳዊት አስጠንታታለች። ፎቶግራፍ የለም፤ ደብዳቤም የለም።

አጎቴ ይህን ታሪክ አይቀበሉም። እሳቸው አያቴ ከጣሊያኑ በኋላ ካገባችው ሐበሻ ባሏ የወለደቻቸው ሁለተኛ ልጇ ናቸው። ቤተሰቡ ልጆቹ ትንንሽ ሳሉ አዲስ አበባ ገባ፤ ሁለቱም እዚያ አድገው፣ ሁለቱም በስደት አልፈው ካሊፎርኒያ ደረሱ። እናቴ ሳን ሆዜ፣ ከካምቤል ጋር በምትዋሰንበት በኩል፣ አፓርትመንት ውስጥ ትኖራለች። አጎቴ ሳንታ ክላራ ናቸው፤ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የአየር ማረፊያ ሻትል መኪና ይነዱ ነበር። የእኔ ቤት ኦክላንድ ነው። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እናቴ ቤት ምሳ እንበላለን።

ነገሩ የተነሣው በፈረንጆቹ ሁለት ሺህዎቹ አጋማሽ፣ ከእነዚያ እሑዶች በአንዱ ነው። እናቴ የፓስፖርት ፎርም ትሞላ ነበር። የአባት የትውልድ አገር ለሚለው ጥያቄ «ኢጣሊያ» ብላ ጻፈች። አጎቴ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አነበቡት።

«እትዬ፣ ይሄ እኮ የአሜሪካ መንግሥት ፎርም ነው» አሏት። «ተረት አይሞላበትም።»

«ተረት?»

«እናታችን፣ ነፍሷን ይማርና፣ የትኛው ጣሊያን እንደሆነ አታውቅም ነበር። ለኀፍረቷ መሸፈኛ ስም ፈጠረች። አሥመራ በጣሊያን ተሞልቶ ነበር፤ አንዱን መርጣ ግንበኛ አለችው።»

እናቴ እስክሪብቶውን አስቀመጠች። «ልትዋሽ ከሆነ ለምን ግንበኛ ትለዋለች? ጄኔራል አትለውም ነበር?»

አጎቴ ሳቁ። እሷ አልሳቀችም። ወደ እኔ ዞረች። «አንቺ የሰው ሁሉ ነገር ታጣሪያለሽ። የእኔን አጣሪ። ዋሽታ ከሆነ ዋሽታለች በይኝ። ሳልሞት ልወቀው።»

እኔ ጋዜጠኛ ነኝ። ብዙውን ዕድሜዬን ያሳለፍኩት የከተማ ምክር ቤትና የፍርድ ቤት ዜና በመሥራት ስለሆነ፣ ከገዛ ወጥ ቤቴ መደርደሪያ ይልቅ የካውንቲውን መዝገብ ቤት መደርደሪያ አውቀዋለሁ። የእናቴንም ጉዳይ እንደማንኛውም ሥራ ያዝኩት። አንድ ማስታወሻ ደብተር ከፍቼ በግራ ገጽ አያቴ ያለችውን፣ በቀኝ ገጽ የተረጋገጠውን መጻፍ ጀመርኩ። ቀኙ ገጽ ለረጅም ጊዜ ባዶ ነበር።

ኦክላንድ ውስጥ ኮረብታው ላይ፣ ማንም ሰው ገብቶ የትውልድ ሐረጉን የሚፈልግበት ቤተ መጻሕፍት አለ። በዚያን ጊዜ የብዙ የጣሊያን ከተሞች የልደት፣ የጋብቻና የሞት መዝገቦች በማይክሮፊልም ተቀርጸው ይገኙ ነበር። የከተማዋ ስም ተጽፎ ይታዘዛል፤ ከሳምንታት በኋላ ጥቅልሉ ይመጣል፤ ከዚያ ማሽኑ ፊት ተቀምጦ እጀታውን እያዞሩ ማንበብ ነው። እዚያ በበጎ ፈቃድ የምትሠራ አንዲት አሮጊት ነበረች። ወላጆቿ ከጣሊያን መጥተው፣ የሳን ሆዜ ዙሪያ ሁሉ የፍራፍሬ እርሻ በነበረበት ዘመን ፕሪም ለቅመው ያሳደጓት ናት። የጸሐፊዎቹን የእጅ ጽሑፍ ማንበብ ያስተማረችኝ እሷ ነበረች።

ሰውየው አሥመራ ሳለ ዕድሜው ወደ ሠላሳ የሚጠጋ እንደነበር እናቴ ሰምታለች። በዚያ ግምት የአሥር ዓመት የልደት መዝገብ አዘዝኩ። በእናቴ የዜግነት ወረቀት ላይ ላስት ኔም ተብሎ የተጻፈውን ስም ይዤ የየዓመቱን ማውጫ ፈተሽኩ። የለም። ሌላ አሥር ዓመት አዘዝኩ። እዚያም የለም። ሁለት ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ተመላልሼ በዚያች ከተማ በዚያ ስም የሚጠራ አንድም ቤተሰብ አላገኘሁም።

አጎቴ ይህን ፍለጋ ወደውት ነበር።

«እሺ ጋዜጠኛዋ፣ ግንበኛው ተገኘ?»

«አልተገኘም፣ ጋሼ።»

«ስሚንቶ ሊገዛ ሄዶ ይሆናል።»

 እናቴ እሳቸው እስኪሄዱ ጠብቃ «አጣርተሽ ጨርሰሻል?» አለችኝ አንድ ቀን።

«አልጨረስኩም።»

«እንግዲያው ፊትሽን ምን አጠቆረው?»

ስህተቴን ያገኘሁት ለሌላ ሰው ሳስረዳ ነው። አንድ ቅዳሜ አሮጊቷ የእናቴን ሙሉ ስም በወረቀት እንድጽፍላትና የቱ ምን እንደሆነ እንድነግራት ጠየቀችኝ። «የመጀመሪያው የራሷ ነው» አልኳት፤ «ሁለተኛው የአባቷ፤ ሦስተኛው የአያቷ።»

እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። አሜሪካ ስንገባ ፎርሙ ላስት ኔም ይጠይቃል፤ የአያታችንን ስም እንጽፋለን፤ ከዚያ ባንኩም ሐኪሙም ዕድሜ ልካችንን በአያታችን ስም ይጠሩናል። ይህን ለስንት አሜሪካዊ አርታኢ አስረድቻለሁ። ሰውየው ጣሊያናዊ ስለሆነ ብቻ ግን መጨረሻ ላይ ያለው የቤተሰቡ ስም ነው ብዬ፣ ሳልጠይቅ፣ ደመደምኩ። ስሙን ለእናቴ ያወጣላት ጣሊያናዊ አይደለም። አያቴ ናት። እሷ ደግሞ ሰውየውን የጠየቀችው የአገሯ ሰው የሚጠይቀውን ነው፦ ስምህ ማነው? የአባትህስ? የቤተሰቡ ስም ምን ያደርግላታል?

ስለዚህ በእጄ የነበረው የሰውየው ስም ከነአባቱ ስም ነው። የዚያች ከተማ መዝገብም ልጁን በአባቱ ለይቶ ይጽፈዋል፤ እገሌ፣ የእገሌ ልጅ እያለ።

«ይሄማ ከቤተሰብ ስም ይሻላል» አለች አሮጊቷ፣ ወንበሯን ወደ ማሽኑ እየሳበች። «በአንድ የቤተሰብ ስም የከተማው ግማሽ ይጠራል።»

ጥቅልሎቹን እንደገና አዘዝን። በዚያ ስም፣ የዚያ አባት ልጅ የሆኑ ሁለት ሕፃናት ተገኙ። ወንድማማቾች ናቸው። የመጀመሪያው በሕፃንነቱ ሞቷል፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ለተወለደው የሟች ወንድሙ ስም ተሰጠው። በወላጆቿ አገር የተለመደ እንደሆነ አሮጊቷ ነገረችኝ። በአባት ሥራ ቦታ ላይ ግንበኛ ይላል። ኅዳጉ ላይ በሌላ ቀለም፣ ልጁ አድጎ ከጦርነቱ በኋላ እዚያው ከተማ ማግባቱ ተጽፏል።

ቅጂውን ይዤ በኤይት ኤይቲ አውራ ጎዳና ወደ ሳን ሆዜ ነዳሁ። እናቴ ወረቀቱን መስኮቱ ጋ ወስዳ አየችው፤ አንድ ፊደል እንደማታነብ እያወቀች።

«ግንበኛ የሚለው የቱ ጋ ነው?»

አሳየኋት።

«እኔስ የት አለሁ?»

«ይሄ የእሱ የልደት መዝገብ ነው፣ እማ። አንቺ እዚህ ላይ አትጻፊም።»

«የት ነው የምጻፈው ታዲያ?»

በአሮጊቷ ጣሊያንኛ ለከተማዋ ማዘጋጃ ቤት ጻፍኩ። መልሱ ሲመጣ የፈረንጆቹ ሁለት ሺህ አሥራዎቹ ገብተው ነበር። ጸሐፊው ትሑት ሰው ነው። ሰውየው ከብዙ ዓመት በፊት ሞቷል፤ በቤተሰብ መዝገቡ ላይ አንድ ሚስትና ሁለት ወንዶች ልጆች አሉ፤ ሴት ልጅ የለችም። ከተማዋ ትንሽ ስለሆነች ጸሐፊው ልጆቹን በመንገድ አግኝቶ ጠይቋቸዋል። አባታችን አፍሪካን ረግጦ አያውቅም ብለውታል።

እሑድ ዕለት ጠረጴዛው ላይ አነበብኩት። አጎቴ አልሳቁም፤ ይልቁንም ድምፃቸው ለስለስ አለ።

«አየሽ እትዬ? ሌላ ሰው ነው። ስም ይመሳሰላል።»

«የአባትም ስም? ሥራም? ከተማም?»

«ጣሊያን ሁሉ ግንበኛ ነው። መንገዱን ማን የሠራው ይመስልሻል?»

ክርክራቸው የሚናቅ አልነበረም። ሰውየው አሥመራ መኖሩን የሚያሳይ ነገር አልነበረኝም። ልጅቷ መዝገቡ ላይ አለመኖሯ ግን ሌላ ነገር ነው። በዚያ ዘመን የጣሊያን ሕግ ጣሊያናዊ አባት ከአፍሪካዊት የወለደውን ልጅ በስሙ እንዳያስመዘግብ ይከለክል ነበር። በሕግ እንዳትጻፍ የተደረገችን ልጅ «መዝገቡ ውስጥ ስለሌለች አልነበረችም» ማለት ማጣራት አይባልም። ይህንን ለአጎቴ ነገርኳቸው።

«እሺ፣ ስለ ልጅቷ ተይው» አሉኝ። «እግሩ አሥመራ መድረሱን አሳዪኝ።»

አሮጊቷ መንገዱን ጠቆመችኝ። ድሮ በእነዚያ ከተሞች ቄሱ በየዓመቱ ለፋሲካ ቤት ለቤት እየዞሩ ምእመናኑን ይቆጥሩ ነበር፤ በየቤቱ ማን እንደሚኖር፣ ማን እንደሌለ ይጽፋሉ። ማዘጋጃ ቤቱ የማያውቀውን የቄሱ ደብተር ሊያውቅ ይችላል። ለደብሩ ጻፍን። ከወራት በኋላ አሁን ያሉት ቄስ ሦስት ገጽ ፎቶ ኮፒ ላኩልን። ያው ቤት ነው፤ ግንበኛው አባት፣ እናት፣ እህቶች። በሰውየው ስም ትይዩ አንዲት ቃል አለች። በሚቀጥለው ዓመት ገጽ ላይም አለች፤ በሦስተኛውም። «በአፍሪካ» ትላለች።

ልጆቹ ዋሽተው ይሁን ወይም አባታቸው ዋሽቷቸው ይሁን አላውቅም፤ አላጣራሁም። እኔ የተላክሁት በአያቴ ጉዳይ ነው።

በቀኝ ገጽ ላይ አምስት መስመር ሞላሁ፦ ስሙ፣ የአባቱ ስም፣ የአባቱ ሥራ፣ ከተማው፣ አፍሪካ። ስድስተኛው፣ እናቴ የእሱ ልጅ መሆኗ፣ ባዶ ቀረ። ለእናቴም ሳልጨምር ሳልቀንስ እንዲሁ ነገርኳት።

«አላገኘሁሽም ነው የምትይኝ?»

«መዝገቡ ውስጥ አላገኘሁሽም።»

«እናንተ ጋዜጣ ላይ ስትሳሳቱ ምን ታደርጋላችሁ?»

«እርማት እናወጣለን።»

«በይ ጻፊ።»

አጎቴ ባሉበት፣ ሳህኖቹ ሳይነሱ፣ ላፕቶፔን ከፈትኩ። እናቴ ለቄሱ ነበር የምታስጽፈው። «ቤት አልጠይቅም፤ መሬት አልጠይቅም፤ ፓስፖርትም አለኝ ብለው ለልጆቹ ይንገሩልኝ። ልጆቹ እህት ሁኚን አላሉኝም፤ እኔም አልለምናቸውም። ግን ተወልጃለሁ። አባቴ ያ ግንበኛ ነው። በአፍሪካ የሚለው ቃል አጠገብ ይሄን ወረቀት ያስቀምጡልኝ። ደብተሩ የጎደለው ነገር አለ፤ ይሞላ።»

የሰውየውን ስም ስጽፍ «በእናቷ ቃል መሠረት» የሚል አስገባሁ። ጮክ ብዬ ሳነብላት አስቆመችኝ።

«ይሄ ‹ቃል መሠረት› ምንድነው? አንቺም ትጠራጠሪኛለሽ?»

«አልጠራጠርሽም። ግን ምንጭ ያስፈልገኛል፣ እማ። ምንጬ አያቴ ናት፤ እሷ ደግሞ የለችም።»

«እኔ አለሁ» አሉ አጎቴ።

ሁለታችንም ዞር አልን። የቄሱን ፎቶ ኮፒ ይዘው ቆይተዋል፤ አጥፈው አስቀመጡት።

«አዲስ አበባ እንደገባን አባቴ እትዬን ትምህርት ቤት ሊያስመዘግባት ተነሣ። ‹በእኔ ስም ትጠራ› አለ። ለደግ ብሎ ነው፤ ልጆች እንዳይሰድቧት። እናታችን እንቢ አለች። ‹ልጄ አባት አላት፤ አባቷም አባት አለው› ብላ ሁለቱንም ስም ጠራችለት። ጎረቤት እየሰማ! አባቴ ሦስት ቀን ከእጇ አልበላም። የእኔን አባት ስም ለልጇ አሳንሳ ያየችው መስሎኝ እስከ ዛሬ አልማርኳትም።»

«እኔ ይሄን አላስታውስም» አለች እናቴ።

«ወፍጮ ቤት ተልከሽ ነበር።»

ምስክር ሲናገር መጠየቅ ሥራዬ ነው። «ሁለቱን ስሞች ያኔ በጆሮዎ ሰምተዋል፣ ጋሼ?»

«በጆሮዬ።»

«የአባቱንም ስም?»

«ነገርኩሽ እኮ! ጻፊው፤ ፖሊስ ጣቢያ አደረግሽው።»

«በእናቷ ቃል መሠረት» የሚለውን አወጣሁት። በምትኩ፣ ነገሩን ለረጅም ዓመታት ሲቃወሙ የኖሩት ወንድሟ በልጅነታቸው የሰሙትን ይመሰክራሉ ብዬ ጻፍኩ።

«‹ሲቃወሙ የኖሩት› የሚለውን ምን አመጣው?» አሉኝ አጎቴ።

«እውነት ስለሆነ ነው፣ ጋሼ።»

«ይሁን።»

ሰኞ ጠዋት ሳን ሆዜ፣ ከልብስ ንጽሕና ቤት አጠገብ ወዳለች ሰነድ አረጋጋጭ ኖተሪ ሄድን። አሮጊቷ ጣሊያንኛውን፣ እኔ እንግሊዝኛውን አዘጋጅተነዋል። ኖተሪዋ እናቴን ስምና ላስት ኔም ብቻ በቂ ነው አለቻት። እናቴ ሦስቱንም ስም በአማርኛ ፊደል፣ ረጋ ብላ፣ ከመስመሩ እስክትወጣ ድረስ ጻፈች።

ተራው የአጎቴ ሆነ። ስማቸውን ጻፉ፤ አድራሻቸውን ጻፉ። ከዚያ እስክሪብቶውን እንደያዙ ቀሩ።

«ፈርም እንጂ!» አለቻቸው እናቴ። «እጅህ ምን ሆነ?»

«የእናታችን ስም የት ጋ ነው የሚጻፈው?»

እኔ ባዘጋጀሁት የምስክር ቦታ ላይ የእናት ስም የሚጻፍበት መስመር አልነበረም። አላሰብኩትም። ወረቀቱን ወደ ራሳቸው ሳብ አደረጉት፤ የኖተሪዋን ማስመሪያ ጠይቀው ከስማቸው በላይ አንድ መስመር አሰመሩ፤ የአያቴን ስም እዚያ ላይ ጻፉና ከሥሩ ፈረሙ።