የመቀናጆው በሬ

የንፋስ መውጫ ከተማው እስር ክፍል በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የተቀበለኝ ሽታው ነው፤ የእርጥብ ጋቢና የሽንት ባልዲ ሽታ። ከምርጫው በኋላ በተነሣው ግርግር ነበር። ከማስተምርበት ክፍል ሲወስዱኝ የጠመኔው ብናኝ ገና ከእጄ አልለቀቀም። መቀመጫ አጥቼ ስቆም አንድ ጎልማሳ ገበሬ ከግድግዳው ፈቀቅ አሉ።

«መምህር ነህ መሰል። ና፣ እዚህ ብርዱ አይገባም» አሉኝ።

የለቀቁልኝ የራሳቸውን ቦታ ነበር። እሳቸው በሩ ሥር፣ ነፋሱ በሚገባበት ተኙ።

በማግስቱ በምን እንደታሰሩ ጠየቅኋቸው። «ሰው ገድዬ» አሉኝ፣ ሳይደብቁ። የስማዳ ሰው ናቸው። ከጎረቤታቸው ጋር መቀናጆ ነበሩ፤ ለየራሳቸው አንድ አንድ በሬ ብቻ ስላላቸው አጣምደው በተራ ያርሱ ነበር። አንድ ቀን በድንበር ተጣሉና ዱላ ሰነዘሩ፤ ሰውየው አልተነሣም። እጃቸውን የሰጡት ራሳቸው ናቸው።

ክሱ ግን ሦስት ነበር። አንደኛው ግድያ። ሁለተኛው የሟችን በሬ መስረቅ፤ ፖሊስ ሲደርስ በሬው በእሳቸው ግቢ ታስሮ ተገኝቷልና። ሦስተኛው ዱላውን ከጥብቅ ደን ያለፈቃድ ቆርጠዋል የሚል። ይህን ሲነግሩን ክፍሉ በሙሉ በሳቅ ፈረሰ፤ እሳቸውም አብረው ሳቁ። በበሬው ነገር ግን አልሳቁም።

«ሰው መግደልዎን ካመኑ በኋላ አንድ በሬ ምን ይጨምራል?» አልኋቸው።

«አይ መምህር! በንዴት የገደለ እኮ ይታረቃል። ካህናቱ መስቀል ይዘው ይገባሉ፣ ደሙ ይደርቃል። በሬ ሊቀማ ከገደለ ጋርሳ ማን ይታረቃል? የሟች ወንድሞች ሽማግሌዎቹን በዚሁ ነገር መለሷቸው። እኔስ እዚሁ ልሙት። ልጆቼ ግን በደመኛ ሊታደኑ ነው።»

እኔም ላይ ‘አመፅ አነሣሥቷል’ ከሚለው ሥር ‘የትምህርት ቤቱን ወረቀት ሰርቋል’ የሚል ተለጥፎብኝ ነበር። መርማሪው «የወረቀቷን ብቻ እመንና ዛሬውኑ ቤትህ ግባ» ብሎኛል። እውነቱን ለመናገር፣ ላምንለት አስቤ ነበር።

ከዞን የመጣው ተዘዋዋሪ ችሎት ሲሰየም ሁለታችንም ቀጠሮ ነበረን። ካቴና ስላነሰ በአንዱ ለሁለት ታስረን ገባን። ዳኛው መጀመሪያ ገበሬውን ስለ ክሶቹ ጠየቋቸው።

«ሰውየውን ገድያለሁ፤ እግዜርም መንግሥትም ይፍረድብኝ። ዱላውንም ቆርጫለሁ። በሬውን ግን አልሰረቅሁም፤ ተራው የኔ ነበር። የተጣላን ዕለት ጧት ፈታ የሰጠችኝ የሟች ሚስት ናት፤ ያችውና ተቀምጣለች። አልሰጠሁም ካለች ሌባ በሉኝ።»

ዐቃቤ ሕጉ ሴትዮዋ ምስክር ሆነው አልተቆጠሩም ብሎ ተቃወመ። ዳኛው በእጃቸው ዝም አሰኙትና ወደ ሴትዮዋ ተመለከቱ። ጥቁር ለብሰው ከሟች ወንድሞች መካከል ተቀምጠዋል። አንደኛው ወንድም ነጠላቸውን ያዝ አደረገ።

ሴትዮዋ ነጠላቸውን አስለቅቀው ተነሡ።

«ባሌን ገድሎብኛል፤ ፊቱን ማየት አልሻም። በሬውን ግን የሰጠሁት እኔ ነኝ። ተራው የሱ ነበር።»

ብለው ተቀመጡ። ዳኛው የስርቆቱን ክስ ሰረዙት። ገበሬው ለሴትዮዋ መሬት እስኪነኩ ጎንበስ ብለው እጅ ሲነሡ ካቴናው ስቦኝ እኔም አብሬ ጎነበስሁ። ሴትዮዋ አላዩንም። እኔ ግን ለማንም ሰው እንደዚያ ደስ ብሎኝ ጎንብሼ አላውቅም።

የኔ ቀጠሮ ተራዘመ፤ የዚያኑ ቀን ከሰዓት መርማሪው ወረቀትና እስክሪብቶ ይዞ መጣ።

«አልሰረቅሁም» አልሁት።

ክረምቱን እዚያው ከረምሁ። ብርዱ የማይገባበት ቦታ ግን እስከ መጨረሻው የኔ ነበር፤ ገበሬው ፍርዳቸውን ተቀብለው ወደ ማረሚያ ቤት ሲሄዱም ጋቢያቸውን ትተውልኝ ሄዱ።

ከተፈታሁ በኋላ የተመደብሁት ስማዳ ነው። ካህናቱ መስቀል ይዘው እንደገቡም እዚያው ሰማሁ። እኚያን ሴትዮ አግኝቼ አመስግኛቸው አላውቅም፤ ምን ብዬ? ዘንድሮ ግን ከገበሬውም ከሟቹም ቤት አንድ አንድ የልጅ ልጅ እኔ ክፍል ገብተዋል። ጧት ስም ስጠራ ሁለቱ ከአንድ ወንበር ላይ ሆነው «አቤት» ይሉኛል።