ላፕቶፔ ላይ የተቀባው ምራቅ

ዛሬ አያ ደሴ አውራ ጣታቸውን በምራቅ አርሰው የላፕቶፔን ስክሪን አሹት። አዎ፣ በምራቅ!

አያ ደሴ ጎረቤታችን ናቸው። እዚሁ ጎንደር ዕድሜያቸውን ሙሉ ድንጋይ ሲጠርቡና ግንብ ሲገነቡ የኖሩ ሰው ናቸው።

ስልካቸውን ቻርጅ ሊያደርጉ ሲገቡ፣ እኔ ብሎክ እየደረደሩ ቤት ለሚሠሩበት ጌም የድንጋይ መልክ እየቀባሁ ነበር። ሦስት ሳምንት ለፍቼበታለሁ።

"አያ፣ የአጥራችንን ድንጋይ አይመስልም?" አልኳቸው፣ "ሸጋ ነው" እንዲሉኝ ፈልጌ።

ያኔ ነው ምራቁ የመጣው። "ድንጋይ መልኩ የሚወጣው ሲረጥብ ነው" ብለው አሹት፣ አሹት። ምንም አልወጣም።

"ይኼማ አመድ ነው። ደሞ ምነው መጋጠሚያው ሁሉ በአንድ መስመር ወረደ? ይኼ ግንብ ይናዳል።"

"ጌም ነው እኮ አያ፣ አይናድም!"

"ግንበኛው ማነው?"

"እኔ ነኝ።"

"እንግዲያማ ይናዳል።"

በንዴት ወጣሁና ጌሙ ላይ ግራጫ አድርጌ የቀባሁት የአጥራችን ድንጋይ ላይ እንትፍ አልኩበት። ወይን ጠጅ ሆኖ ብቅ አለ! ተወልጄ ባደግኩበት ግቢ፣ አንድ ቀን እንኳ አይቼው አላውቅም።

የሦስት ሳምንቱን ሥራ አጠፋሁት። እናቴ ደግሞ የሰፈሩን አጥር እየዞርኩ ስተፋ አይታኝ፣ ጠበል ልትወስደኝ ከጎረቤት ጋር እየመከረች ነው።

እናንተስ፣ የኮራችሁበትን ሥራ አፈር ድሜ ያስጋጠባችሁ ሽማግሌ አለ? እስቲ ጻፉልኝ፤ ምራቄ እስኪሞላ ቁጭ ብዬ አነባለሁ።