ማን ሞተ ብዬ የጠየቅሁ ጊዜ

ሰው ሁሉ ስደቱን ሲያወራ በሌሊት ወጣሁ ነው የሚለው። እኔ ከዲላ የወጣሁት በጠራራ ፀሐይ፣ የሞያሌ ሚኒባስ ላይ ተጨናንቄ ነው። የዋዜማውን ሌሊት ግን አልተኛሁም፤ እማዬም አልተኛችም። ኩላሊቷን ከታመመች ዓመት አልፏታል፣ እግሯ አብጦ ጫማ እምቢ ብሏል። "ሂድ ልጄ፣ አንተ ሳትመጣ እኔ የትም አልሄድም" አለችኝ። አመንኳት። ለምን እንደወጣሁ ናይሮቢ ውስጥ ለስንቱ የስደተኞች ቢሮ ስናገር ስለከረምኩ ለእናንተ አልደግመውም፤ ብቻ ከአራት ዓመት ጥበቃ በኋላ ካናዳ፣ ሳስካችዋን የሚባል ክፍለ ሀገር አደረሱኝ። ከእንሰትና ከቡና ጥላ ሥር ለወጣ የጌዴኦ ሰው፣ ያ ዛፍ የሌለው ሜዳ አደባባይ ላይ ራቁት እንደመቆም ነው።

የተከራየሁት ቤዝመንት ነው፣ ምድር ቤት ማለት ነው። አከራዬ ሚስስ ዶሪስ ሰባን የዘለሉ፣ ብቻቸውን የሚኖሩ ሴትዮ ናቸው። የደረስኩ ዕለት ከላይ ከኩሽናቸው ሬዲዮ ይሰማል፤ ቫዮሊን ብቻ። ዘፋኝ የለ፣ ማስታወቂያ የለ፣ ቀልድ የለ። እንግዲህ እኛ አገር ሬዲዮ ዘፈኑን ትቶ እንዲህ ያለ ክላሲካል ማሰማት ከጀመረ ትልቅ ሰው ሞቷል ማለት ነው። እማዬ እንዲህ ስትሰማ መጀመሪያ ነጠላዋን ታዘቀዝቃለች፣ ከዚያ ነው "ማን ሞተ?" የምትለው።

በማግስቱም ቫዮሊን። በሦስተኛው ቀን ፒያኖ። መሀል መሀል አንድ ሰውዬ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የማልይዘውን ነገር ይናገራል። በቃ፣ እርግጠኛ ሆንኩ። ለቅሶ አለመድረስ ነውር ነውና ጥቁር ጃኬቴን ለብሼ ላይ ወደ ሚስስ ዶሪስ ወጣሁ፣ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ፣ እንደ ወጉም ዝም አልኩ።

"ቧንቧው ነው የተበላሸው? ማሞቂያው ነው?" አሉኝ።

"ኧረ ለሐዘኑ ነው የመጣሁት" አልኩ በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ። "ማን ሞተ?"

"የት?"

"ሬዲዮ ላይ። ሦስት ቀን ሙሉ።"

መነጽራቸው እስኪወልቅ ሳቁ። ለካ የክፍለ ሀገሩ የሕዝብ ሬዲዮ ነው፣ ዓመቱን ሙሉ የሚያሰማው ይሄንኑ ነው። "ማንም አልሞተም። የሞቱት ሙዚቃውን የጻፉት ናቸው፣ እነሱም ድሮ ነው" አሉኝ። ለእማዬ ደውዬ ብነግራት፣ "አገሩ በሙሉ ሐዘንተኛ ነው በለኛ!" ብላ እስክታስል ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ግን ያ ሬዲዮ በተከፈተ ቁጥር እስከ ዛሬ ልቤ ድው ይላል፤ ልብ እንደ ሰው ቶሎ አይለምድም።

ከዚያ ወዲያ የእማዬ ድምፅ እየቀጠነ መጣ። ለስደተኛ የሚሰጠውን የጉዞ ሰነዴን ይዤ ኢሚግሬሽን ቢሮ ሄድኩ።

"በዚህ የትም አገር መሄድ ትችላለህ" አለኝ ጸሐፊው ደስ ብሎት።

"ዲላ ልሄድ ነው።"

"ዲላ የት ነው?"

"ኢትዮጵያ።"

ወረቀቱን ገልብጦ አየ። "ከኢትዮጵያ በስተቀር የትም።"

"እናቴ ያለችው እዚያ ነው።"

"ሌላ አገር ብትገናኙስ? ኬንያ ቅርብ ነው አይደል?"

ከአልጋ የማትወርድ ሴት እስከ ሞያሌ ትንገላታልህ! አመስግኜው ወጣሁ።

ይኸው ሁለት ወር ሆነ፣ እማዬ ስልክ ላይ አትቀርብም። ታናሽ እህቴ አስቴር "ደጋው ቡሌ፣ አክስታችን ጋ ናት፣ አየሩ ይሻላታል ብለን ነው፣ እዚያ ኔትወርክ የለም" ትለኛለች። እግሯ ያበጠ ሰው በዚያ በቡሌ መንገድ! አልጠየቅኋትም።

የኛን ወግ ታውቃላችሁ፤ ባዕድ አገር ላለ ሰው መርዶ በስልክ አይነገርም። አጠገቡ ያለ ሐበሻ ይፈለጋል፣ እሱ ሌሎችን ሰብስቦ በማለዳ በር ያንኳኳል። ናይሮቢ ሳለሁ እኔም አንኳኩቻለሁ፤ የአንድ የዲላ ልጅ ወንድም ሞቶ አምስት ሆነን ሄድን። በሩን ከፍቶ ሲያየን፣ ማናችንም ሳንተነፍስ፣ ባለበት ወደቀ።

ባለፈው እሑድ በምሠራበት ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ውስጥ አብሮኝ የሚሠራው፣ ወንዱ የሚባል የሶዶ ልጅ ምሳ ሊበላ መጥቶ ነበር። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ጮክ አድርጌ ከፍቼ ለአስቴር ደወልኩ።

"ተሬ፣ እንዴት ነህ? ምንድን ነው እዚያ የምሰማው?" አለች። ከላይ ሬዲዮው ቫዮሊኑን ይጎትታል። "ማን ሞተ?" አለች ሳታስበው።

ቃሉን የሰማችው ካፏ ከወጣ በኋላ ነው።

"የአከራዬ ሬዲዮ ነው" አልኩ።

"እሺ" አለች። "ስማኝማ ተሬ፣ እዚያ ከተማ የኛ ሰው የለም እንዴ? ሐበሻ? አንድ እንኳ? ካለ ስልኩን ስጠው፣ ሰላም ልበለው።"

ወንዱ ጉርሻውን አስቀመጠ። ምን እንደተጠየቀ ገብቶታል። እጁን ወደ ስልኩ ዘረጋ፣ እኔ እጁን ያዝኩት። ፈርቼ ነበር፣ አልዋሽም። ካልነገሩኝ እስካሁን አለች፤ ከዚህ በቀር ምን አለኝ?

"የለም" አልኩ። "አንድም ሰው የለም።"

"ቤተ ክርስቲያን እንኳ? ፈልግ እስኪ፣ በማርያም።"

"የለም አልኩሽ አስቱ። ለእማዬ ሰላም በይልኝ።"



"እሺ" አለች። "እነግራታለሁ።"