ስሙን በቀይ የጻፍኩበት ካርድ

አንድን ነገር ለሰው በጣም ጥሩ አድርጋችሁ እያስረዳችሁ እንደሆነ እየተሰማችሁ፣ የሰሚው ፊት እንደ መብራት ሲጠፋ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አንድ ጊዜ አይቻለሁ። ያየሁት ምን እንደሆነ ግን ያን ጊዜ አልገባኝም፤ ማስረዳቴን ቀጠልኩ።

ወረርሽኙ ከመምጣቱ ሁለት ዓመት በፊት ነው፤ ከተማው በበረዶ ተሸፍኖ ነበር። ሴዳር ሪቨርሳይድ በሚባለው የስደተኞች ሰፈር ካሉት ረጃጅም ሕንፃዎች በአንዱ፣ ምድር ቤት ባለች ጠባብ ክፍል እንግሊዝኛ አስተምር ነበር። ተማሪዎቼ አሥራ ሁለት ቻይናውያን ናቸው። አንድ ወጣት ብቻ ነው በመካከላቸው ያለው፤ ሌሎቹ በወላጆቼ ዕድሜ ያሉ፣ እዚያው ሕንፃ ላይ የሚኖሩ ሰዎች ነበሩ። እኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ማክሰኞና ዓርብ ጠዋት ከኩን ራፒድስ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ካለው የአባቴ ቤት፣ ድራይቭ አድርጌ እመጣለሁ። ከሁሉም ቀድሜ ገብቼ ወንበሮቹን በመስመር አስተካክላለሁ፤ ማርከሮቼን በየቀለማቸው እደረድራለሁ። ሥርዓት እወዳለሁ። ያኔ ደግሞ ሥርዓት የያዘ ነገር ሁሉ ትክክል ይመስለኝ ነበር።

ከፊት ረድፍ የሚቀመጡ አንዲት እናት ነበሩ። ካፖርታቸውን አያወልቁም፤ ከክፍሉ ወጥተው በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ነው የሚሄዱት። ባለቤታቸው በልብ ሕመም ተኝተዋል፤ ቀዶ ጥገናው ለሚቀጥለው ሐሙስ ተቀጥሯል። እንግሊዝኛ የሚማሩት ለሥራም ለዜግነት ፈተናም አልነበረም። ሐኪሞቹ ክፍሉን ሲጎበኙ፣ በስልክ የሚያስተረጉም ሰው ሳይገኝ ጥለዋቸው ይሄዳሉ። ስለዚህ በራሳቸው አፍ መጠየቅ ፈለጉ። "ይድናል ወይ?" ብለው፣ መልሱንም ያለ አስተርጓሚ መስማት።

አንድ ዓርብ ጠዋት ከፌስታል ውስጥ አሮጌ መታወቂያ አውጥተው ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩ። ባለቤታቸው ድሮ ይሠሩበት የነበረ የልብስ ማጠቢያ ድርጅት መታወቂያ ነው። ነገሩ እንዲህ ነበር፤ ነርሷ ባለፈው ቀን "ካምፓኒ ሁኚው" የሚል ነገር ተናግራቸዋለች። እሳቸው ደግሞ ካምፓኒ ሲባል የሚያውቁት መሥሪያ ቤትን ነው። ወረቀት የጎደለ መስሏቸው ግማሽ ቀን መሳቢያ ለመሳቢያ ሲፈልጉ ውለው መታወቂያውን አግኝተው ወሰዱላት። ነርሷ ሳቅ ብላ ትከሻቸውን መታ መታ አደረገቻቸው።

"ቲቸር፣ ካምፓኒ ምንድን ነው?" አሉኝ። "እሱ ሥራ ካቆመ እኮ ስድስት ዓመቱ ነው።"

ያዘጋጀሁትን ትምህርት ተውኩና የዚያን ቀን ይህን አንድ ቃል አስተማርኩ።

ለእናንተም ላስረዳ። ካምፓኒ የሚለውን ቃል እኛም የምናውቀው በአንድ ፊቱ ብቻ ነው፤ ድርጅት ብለን። ቻይናውያኑም ለዚያ የራሳቸው ቃል ስላላቸው እሱን ከጎኑ ጽፈው ያልፋሉ። ነገር ግን ቤት የመጣ እንግዳም ካምፓኒ ነው። ከከተማ ከተማ እየዞረ ቲያትር የሚያሳይ ቡድንም ካምፓኒ ነው። በጦር ሠራዊት ውስጥ እኛ ሻምበል የምንለው ክፍልም እንዲሁ። ከሁሉም ለማስረዳት የሚከብደው የማይቆጠረውና የማይዳሰሰው ነው። አንድ ሰው ብቻውን እንዳይሆን አጠገቡ መገኘት፤ ምንም ባይሠሩም፣ ምንም ባይናገሩም።

"ለመቀመጥ ነው ያለችኝ?" አሉ እናትየዋ። "መቀመጥ ብቻ?"

"መቀመጥ ብቻ።"

"እሱንማ አርባ ዓመት ሠርቼዋለሁ።"

ክፍሉ ሳቀ። ከኋላ በኩል ወጣቱ እጁን አወጣ። ዩኒቨርሲቲ አቨኒው ላይ ባለ ምግብ ቤት ወጥ ቤት ውስጥ ነው የሚሠራው። "ቲቸር፣ እኔ ካምፓኒ አለኝ፤ ካምፓኒ ግን የለኝም። ቀኑን ሙሉ ከሽንኩርት ጋር ነኝ።"

"ሽንኩርቱም አልቻለህም" አሉት አጠገቡ ያሉት ሴትዮ። ባለመታወቂያዋ እናት ሲስቁ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ከዚያ ካርዶቼን አወጣሁ። አሠራሬ እንዲህ ነው፤ ለእያንዳንዱ ትርጉም አንድ ካርድ፣ በእያንዳንዱ ካርድ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር። ለመጨረሻው ትርጉም ግን እያንዳንዳቸው፣ አጠገባቸው ሲሆን ደስ የሚላቸውን የአንድ ሰው ስም እንዲሰጡኝ ጠየቅሁ። ዓረፍተ ነገሩን በጥቁር፣ ስሙን በቀይ እጽፍላቸዋለሁ።

ቀዩን ያመጣሁት ከቤቴ ነው። አባቴ በልጅነቱ የቆሎ ተማሪ ነበር። እኔን ፊደል ያስቆጠረኝም በእጅ በተጻፈች የጸሎት መጽሐፉ ላይ ነው። ጽሑፉ በጥቁር ይሄድ ይሄድና የእመቤታችን ወይም የአንድ ቅዱስ ስም ጋ ሲደርስ ጸሐፊው ብዕሩን ያስቀምጣል፤ ቀዩን ያነሣል። የከበረ ስም ቀይ ነው። ይህ ለእኔ ሰማይ ሰማያዊ ነው እንደማለት ነበር።

እናትየዋ ተራቸው ሲደርስ የባለቤታቸውን ስም ደብተሬ ላይ በቻይንኛ ጻፉልኝ፤ ሦስት ምልክቶች። እያንዳንዷን ጭረት እየተከተልኩ ካርዱ ላይ ትልቅ አድርጌ ገለበጥኩት። ቀና ስል ፊታቸው ላይ የነበረው ሳቅ የለም።

"ቲቸር፣ ጥቁር?" አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ በጣታቸው ማርከሮቹን እያሳዩ።

ስለ ሁለቱ ቀለሞች የጠየቁኝ መሰለኝ። ደስ አለኝ፤ ጥያቄ ስለምወድ። ወደ ሰሌዳው ሄጄ ለሁሉም አስረዳሁ። ጥቁሩ ለዓረፍተ ነገሩ፣ ቀዩ ለምናከብረው ሰው። ስለ መጽሐፎቻችን ነገርኳቸው፤ ቀዩ ቀለም እንዴት እንደሚዘጋጅ ሳይቀር። ክፍሉ ጸጥ አለ። ጸጥታውን ትኩረት አድርጌ ወሰድኩት። እናትየዋ ካርዱን ፊቱን ወደ ታች አድርገው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱ፤ "ታንክ ዩ" ብለው ትምህርቱ ሳያልቅ ወጡ።

ማክሰኞ ወንበራቸው ባዶ ነበር። ትምህርቱ ሲያልቅ ወጣቱ ጃኬቱን ለብሶ፣ ሳይወጣ በሩ ላይ ቆመ።

"ቲቸር፣ በእኛ አገር የሰው ስም በቀይ አይጻፍም።"

"ለምን?"

"በድሮ ጊዜ ሞት የተፈረደበት ሰው ስም ነው በቀይ የሚጻፈው ይላሉ። አያቴ ናት የነገረችኝ። እኔ አላምንበትም። ግን የእናቴን ስም በቀይ አልጽፍም።"

"ታዲያ ዓርብ ለምን አልነገርከኝም?"

"እያስረዳሽ ነበር" አለኝ። ሊነካኝ ብሎ አይደለም፤ የሆነውን መናገሩ ነው።

አሥራ አራተኛ ፎቅ ድረስ ወስዶ በራቸውን አሳየኝ። ደጋግሜ አንኳኳሁ። ማንም የለም። ሆስፒታል፣ ባለቤታቸው አጠገብ ተቀምጠዋል።

ወደ ኩን ራፒድስ ስመለስ መንገዱ ተጨናንቆ ነበር፤ ፊቴ ያለው መኪና ሁሉ ፍሬን በያዘ ቁጥር ቀይ ይበራል። ቤት ስደርስ ኮቴን ሳላወልቅ የአባቴን የጸሎት መጽሐፍ ከመደርደሪያው አወረድኩ። የቅዱሳኑን ስሞች አልፌ የመጨረሻውን ባዶ ገጽ ገለጥኩ። እዚያ የሟች እናቴ ስም አለ፤ በአባቴ እጅ፣ በቀይ። ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ። መቼ እንደተጻፈ ግን ጠይቄ አላውቅም።

"አባዬ፣ ይሄን መቼ ነው የጻፍከው?"

አባቴ ከሥራ ገብቶ ጫማውን እያወለቀ ነበር። "የታመመች ሳምንት" አለኝ። "በጸሎት እንዳስባት።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ አንቺም ታውቂዋለሽ።" ቀና ብሎ አየኝ። "ምነው፣ ምን ሆነሽ ነው?"

ነገርኩት። ቀይ ክብር ነው፣ አንቺ ያጠፋሽው ነገር የለም አለኝ። ይህን ሲለኝ ግን መጽሐፉን ከእጄ ወስዶ ዘጋው፤ ወደ መደርደሪያውም ወዲያው አልመለሰውም። እንዲህ ባለ ነገር አላምንም፤ ያኔም አላምንም ነበር። ሆኖም ረቡዕ ቀኑን ሙሉ ያን ስም ጣቴ በራሱ ጠረጴዛ ላይ ሲጽፈው ያዝኩት፤ ሦስቱን ምልክቶች፣ በትክክለኛ ቅደም ተከተላቸው።

ዓርብ ጠዋት ከወትሮው ቀድሜ ሄድኩ። የሌሎቹ ካርዶች ግድግዳው ላይ ተለጥፈዋል፤ አሥራ አንድ ስም፣ ሁሉም ቀይ። አንድ በአንድ አውርጄ በአዲስ ካርድ በጥቁር ጻፍኳቸው። ተማሪዎቹ ሲገቡ ግድግዳውን አዩ። ወጣቱ በአጠገቤ ሲያልፍ "ባለቤታቸው ሐሙስ ከኦፕሬሽኑ በሰላም ወጥተዋል" አለኝ።

ከዚያ ለሳምንታት ምንም አልሰማሁም።

በረዶው ቀልጦ መንገዱ ጭቃ ሲሆን እናትየዋ ተመለሱ። ያው ካፖርት ነው። ተማሪዎቹ እስኪወጡ ጠበቁና ካርዱን አውጥተው ፊቴ አኖሩት። በቀዩ ላይ በጥቁር እስክሪብቶ ደርበው ጽፈውበታል፤ ጭረት በጭረት። ቢሆንም ቀዩ በየጠርዙ ይታያል።

"በባቡር ውስጥ ነው የጻፍኩት" አሉ። "ያንኑ ቀን፣ ከዚህ ወጥቼ። ባቡሩ ስለሚንቀሳቀስ አላማረም።"

"ይቅርታ ያድርጉልኝ። አላወቅሁም ነበር።"

"ለማክበር ነው ብለሻል፤ ሰምቼሻለሁ።" ካርዱን በመዳፋቸው ሸፈኑት። "ከኦፕሬሽኑ በኋላ አሥራ ዘጠኝ ቀን ኖረ። አጠገቡ ተቀመጥኩ። ሌላ ምንም አልሠራሁም።"

ልጠይቃቸው የፈለግኩት ነገር ነበር፤ አፌ ላይ ደርሶ ቀረ። እሳቸው ግን መለሱልኝ።

"ቀዩ ይሁን አላውቅም። ጥቁሩም ቀን ጨምሮለት እንደሆነ አላውቅም። ሐኪሙን ጠየቅሁት፤ በእንግሊዝኛ፣ እኔው ራሴ። ለምን ሞተ አልኩት። እሱም አላውቅም አለኝ። 'አላውቅም' ሲል ያለ ማንም አስተርጓሚ ገባኝ።"

ካርዱን መልሰው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱ። በር ድረስ ሸኘኋቸው። ከዚያ በኋላ ወደ ትምህርቱ አልተመለሱም።

እኔ ማስረዳት የምወድ ሰው ነኝ፤ ለዚህ ግን ማብራሪያ የለኝም። አባቴ ሥራ በሚሆንበት ሰዓት አንዳንዴ ጥቁር እስክሪብቶ ይዤ ያችን የመጨረሻ ገጽ እገልጣለሁ፤ የእናቴን ስም አየውና ሳልነካው እዘጋለሁ። የዘገየ ነገር እንደሆነ አውቃለሁ። ክፍል ውስጥ ስም መጻፍ ግን ትቻለሁ። ወረቀቱን አቀብላለሁ፤ ባለቤቱ ይጽፋል።

እስቲ እናንተም ሞክሩት። ከሌላ አገር የመጣ ጎረቤት ወይም የሥራ ባልደረባ ካላችሁ ወረቀትና የተለያየ ቀለም ያላቸው እስክሪብቶዎች ፊቱ አኑሩለት። የሚወደውን ሰው ስም እንዲጽፍ ጠይቁት፤ የትኛውን እንደሚያነሣ፣ የትኛውን እንደማይነካ ተመልከቱ። ጽፎ እስኪጨርስም ምንም አታስረዱት።